የሰፈሩ ድምፅ የነዋሪው አቋም ነውን?

የመነሻ ጽሑፍ፦ አንድ የከተማ ሰፈር በተከታታይ ምርጫዎች ለአንድ ወገን አብላጫ ድምፅ ከሰጠ፣ ሰፈሩ በጠቅላላ የዚያ ወገን ተደርጎ ይቆጠራል። ጋዜጦች በካርታ ላይ በአንድ ቀለም ይቀቡታል፤ አሸናፊው ፓርቲ በእጄ ነው ብሎ ችላ ይለዋል፤ ተሸናፊውም ተስፋ ቆርጦ ቀስቃሾቹን ወደዚያ መላክ ይተዋል። ይህን ውይይት የከፈትኩት እንዲህ ያለው ፍረጃ ነዋሪውን እንደሚበድል ስለማምን ነው። የአንድ ምርጫ ጣቢያ ውጤት የሚነግረን በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ሰዎች መካከል በዕለቱ የወጡት፣ ከቀረቡላቸው ዕጩዎች ማንን እንደመረጡ ብቻ ነው። 1,000 ሰው በተመዘገበበት ጣቢያ 600 ሰው ድምፅ ቢሰጥና ከእነዚህ 330ው አንዱን ዕጩ ቢመርጡ፣ ዕጩው በ55 በመቶ አሸንፏል ይባላል። ከተመዘገበው ሰው አንጻር ግን ድርሻው 33 በመቶ ነው፤ ከቤታቸው ያልወጡት 400 ሰዎችም ከደጋፊዎቹ ይበልጣሉ። እንግዲህ ይህ ሰፈር የማን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነበር። የተሰጡትን መልሶች በቅደም ተከተላቸው፣ በራሴ አገላለጽ አቀርባለሁ። «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1፦ ስታትስቲክስ እንደሚያስተምሩ የገለጹ ተሳታፊ ሐሳቡን ደግፈው፣ ችግሩ ከቤት አለመውጣት እጅግ የሰፋ መሆኑን አስረዱ። ለማስረጃም ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ ተመራማሪ በ1950 ያሳተመውን ጥናት አነሡ። ሮቢንሰን የ1930ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መርምሮ፣ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በብዛት በሚኖሩባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። ግዛቶቹን ትቶ ግለሰቦቹን ሲመለከት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከውጭ የመጡት ሰዎች ከአገሬው ተወላጆች ይልቅ ማንበብና መጻፍ የማይችሉት የሚበዙባቸው ነበሩ። ምክንያቱ የአገሬው ሕዝብ በተሻለ ሁኔታ በተማረባቸው ግዛቶች መስፈራቸው ነው። መምህሩ ይህን ወደ እኛ ጉዳይ ሲያመጡት፣ ሠራተኛ የሚበዛበት ሰፈር አንድን ፓርቲ መምረጡ ፓርቲውን የመረጡት ሠራተኞቹ ለመሆናቸው ማረጋገጫ አይሆንም። በዚያው ሰፈር የሚኖሩ ሌሎች ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሰፈሩ ድምር ብቻውን ይህን ለይቶ አያሳይም።

መልስ 2፦ ሁለተኛዋ ተሳታፊ በትሕትና ተቃወሙ። ሰፈር የነዋሪዎቹ ድምር ብቻ አለመሆኑን፣ ውኃ ሲጠፋ ለሁሉም እንደሚጠፋ፣ የቤት ኪራይ ሲወደድም ብዙዎችን አንድ ላይ እንደሚያስጨንቅ አስታውሰው፣ ያው ሰው ሌላ ሰፈር ቢኖር ኖሮ ሌላ ፓርቲ ሊመርጥ እንደሚችል ተናገሩ። ሰፈር በነዋሪው አስተሳሰብ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ፈጽሞ እክድ እንደሆነም ጠየቁኝ።

መልስ 3፦ ይህ የእኔ ነው። ተጽዕኖውን እንደማልክድ፣ ነገር ግን ሰፈሩ ሰዎቹን መለወጡና ተመሳሳይ ሰዎች ወደ አንድ ሰፈር መሰብሰባቸው በካርታው ላይ አንድ ዓይነት መልክ እንደሚኖራቸው ጻፍኩ። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ማስረጃ ያለው ሰው ካለ እንዲያቀርብም ለመንኩ።

መልስ 4፦ ለልመናዬ የተሰጠው ምላሽ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ጸሐፊው በመጀመሪያ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 በኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ በተባለች አውራጃ ያካሄዱትን ጥናት አቀረቡ። ተመራማሪዎቹ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በፊት ለወራት የእነዚያኑ መራጮች ደጃፍ ደጋግመው እያንኳኩ አሳባቸው መቼና በምን እንደተለወጠ ጠየቁ። ሬዲዮና ጋዜጣ ሰውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በብዛት ሲያሻግሩ ያያሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከቤተሰብ፣ ከሥራ ባልደረባና ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ጭውውት የበለጠ ክብደት እንዳለው ተገነዘቡ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ደግሞ ከቺካጎ የተገኘ ነው። ከ2000 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ከተማዋ ግዙፍ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎችን ስታፈርስ ከ25,000 በላይ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ራያን ኢኖስ የተባለ ተመራማሪ ከፈረሱት ሕንፃዎች አጠገብ ይኖሩ የነበሩትን ነጭ መራጮች በመዝገብ ተከታትሎ፣ ጎረቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላ ድምፅ ለመስጠት የሚወጡት ድርሻ ከ10 የመቶኛ ነጥብ በላይ መቀነሱን አገኘ። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው አልተነሡም፤ የተለወጠው ማዶ ያለው ሕንፃና በውስጡ የነበረው ሕዝብ ነው። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎቹ በመኖሪያ ምርጫ ሳይሰባሰቡ ሰፈሩ ራሱ በምርጫ ተሳትፎ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። ያሳየው ኃይል ግን የጉርብትና ፍቅር ሳይሆን የሌላው ዘር መቅረብ የሚፈጥረው ሥጋት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ይህን ሳይጠቅሱ ሰፈር ሰውን ያስተሳስራል እያሉ ማስረጃውን መጥቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

መልስ 5 እና 6፦ አምስተኛው ጸሐፊ የቶማስ ሼሊንግን ሥራ አነሡ። ሼሊንግ ሁለት ዓይነት ሳንቲሞችን በዳማ ገበታ ላይ በትኖ፣ ከጎኑ ያሉት ሳንቲሞች ከሚፈልገው በላይ ሌላ ዓይነት የሆኑበት ሳንቲም ወደ ባዶ ቦታ እንዲዛወር ደንብ አወጣ። ማንም ሳንቲም ፍጹም መለያየትን ባይፈልግም፣ እያንዳንዱ የሚፈልገው ጥቂት አምሳያ ብቻ ቢሆንም፣ ገበታው በመጨረሻ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በ1971 የታተመው ይህ ሥራ አንድ ወጥ ሰፈር ሲታይ ነዋሪው ሌላውን ይጠላል ብሎ ለመደምደም መቸኮል እንደማይገባ ያስተምራል ነበር የሐሳባቸው ፍሬ ነገር። ስድስተኛዋ ግን በአጭሩና በጠንካራ ቃል መለሱ፤ ሳንቲም ኪራይ አይከፍልም። አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ሰፈሩን የሚመርጠው የጎረቤቱን ፖለቲካ አይቶ ሳይሆን ገቢው የሚፈቅድለትን ቤት ፈልጎ መሆኑን፣ ስለዚህም በሰፈር ካርታ ላይ የምናየው የፖለቲካ መለያየት በመጀመሪያ የገቢ መለያየት መሆኑን አስረዱ። በእኔ ግምት በዚህ ውይይት ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ነጥቡን የመታው ይህ አጭር መልስ ነው።

መልስ 7፦ የቆጠራ ታዛቢ የነበሩ ሰው ያዩትን ተረኩ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ኮሮጆው ተፈትቶ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እየተዘረጉ ለሁሉም ይታያሉ፤ በየዕጩው ስምም ይደረደራሉ። ከድርድሮቹ ሁሉ ዓይናቸውን የሳበው ዋጋ አልባ የተባለው ነበር። አንዳንዱ ወረቀት ምንም ምልክት የለበትም፤ አንዳንዱ በሁሉም ዕጩዎች ትይዩ ምልክት ተደርጎበታል፤ በአንዱ ላይ ደግሞ ስለ ሰፈሩ የፍሳሽ ቦይ መደፈን ረዘም ያለ አቤቱታ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል ሰፍሮበታል። ሰውየው የጠየቁት እኚህ ነዋሪ ተሰልፈው፣ ተራ ጠብቀው፣ ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስቀምጠው ሲያበቁ በውጤቱ ሠንጠረዥ ከዋጋ አልባዎች አንዱ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ተገቢ መሆኑን ነው። ወረቀቱ በሕጉ መሠረት ሊቆጠር አለመቻሉ አያከራክርም፤ ስለ ሰፈሩ ፖለቲካ ግን ከብዙ ምልክቶች የበለጠ ይናገራል።

መልስ 8 እና 9፦ እዚህ ላይ የሰላ ክርክር ተነሣ። ስምንተኛው ተሳታፊ ውጤትን በትንሽ ሰፈር ደረጃ መፈለግ የድምፅን ምስጢራዊነት እንደሚጎዳ አስጠነቀቁ። ምስጢራዊ ድምፅ በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች በ1856፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1872 ሕግ የሆነው አከራይ ተከራዩን፣ አሠሪም ሠራተኛውን በድምፁ ምክንያት እንዳይበቀል መሆኑን አስታወሱ። በብሪታንያ እስከ ዛሬ ድረስ የአንድ ጣቢያ ወረቀቶች ከሌላ ጣቢያ ወረቀቶች ጋር ሳይቀላቀሉ ለዕጩዎች አይቆጠሩም። 40 ሰው ድምፅ በሰጠበት ጣቢያ 40ውም አንድን ዕጩ መርጠው ቢገኙ የእያንዳንዳቸው ምስጢር እዚያው ያበቃል።

ዘጠነኛዋ ጸሐፊ ይህ ጥንቃቄ ቆጣሪዎቹ በሚታመኑበት አገር ብቻ የሚያዋጣ መሆኑን ገልጸው ተቃወሙ። ቁጥሩ ከጣቢያ ወደ ማዕከል ሲጓዝ ሊለወጥ በሚችልበት ቦታ፣ በጣቢያው ተቆጥሮ በደጃፉ የሚለጠፈው ወረቀት የነዋሪው ብቸኛ መከላከያ ነው፤ በኢትዮጵያ ምርጫዎችም የሚሠራበት አካሄድ ይኸው ነው። ሁለቱም ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው። ከበቀልና ከመጭበርበር የትኛው እንደሚያሠጋ ሳይታወቅ አንዱን አሠራር ከሌላው ማስበለጥ አይቻልም።

መልስ 10፣ 11 እና 12፦ ሁለት ተሳታፊዎች ስለ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫ መሣሪያዎች መነጋገር ጀመሩ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ለዚህ ሌላ ርዕስ እንዲከፈት ጠይቀው ወደ ነገራችን መለሱን።

መልስ 13፦ ይህ መልስ ስለ አዲስ አበባ ነበር። ጸሐፊው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ቅንጅት ማሸነፉን፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ23ቱ 22ቱን ኢሕአዴግ፣ አንዱን ብቻ መድረክ ማግኘቱን ጠቀሱ። ከዚህ ተነሥተው የከተማው ሕዝብ በአምስት ዓመት ውስጥ አቋሙን ፈጽሞ እንደገለበጠ ደመደሙ።

መልስ 14፦ ተከታዩ ጸሐፊ በጨዋነት አረሙ። መቀመጫና ድምፅ አንድ አይደሉም። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብልጫ ያገኘው ብቻ ወንበሩን በሚወስድበት ሥርዓት፣ በሁሉም ክልሎች በጠባብ ልዩነት የሚመራ ፓርቲ ሁሉንም ወንበር ይጠቀልላል፤ ጥቂት መንሸራተትም ሁሉንም ሊያሳጣው ይችላል። መቀመጫ ቆጥሮ ስለ ሕዝብ አቋም መናገር አይቻልም።

መልስ 15፦ እዚህ ላይ የውይይቱ ቃና ተበላሸ። ጸሐፊው 13ኛውን ተሳታፊ በአንቱታ መጥራታቸውን ትተው በአንተ እያሉ፣ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የሆነውን ሁሉ ዘለሃል ሲሉ ወቀሱ። የቅንጅት መሪዎች በ1998 ዓ.ም. ታስረው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ መፈታታቸውን፣ ከተማዋ በተመረጠው ምክር ቤት ፋንታ በባለአደራ አስተዳደር መመራቷን፣ ፓርቲውም መከፋፈሉን ዘረዘሩ። በ2002 ዓ.ም. ወረቀት ላይ የቀረበው ምርጫ የ1997ቱ ስላልነበረ፣ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሕዝብ ሐሳብ ተገለበጠ ማለት የመራጩን ንቃት መናቅ መሆኑን በምሬት ጻፉ።

መልስ 16፦ አስተባባሪው ስለ አነጋገሩ ገሥጸው ስለ ነገሩ ምንም ሳይሉ አለፉ። እኔ ግን ስለ ነገሩ እናገራለሁ። የ15ኛው ጸሐፊ ቁጣ ቢበዛም የጠቀሱት እውነታ የተመዘገበ ነው፤ በመነሻ ጽሑፌ «ከቀረቡላቸው ዕጩዎች» ያልኩትም ለዚሁ ነው። መራጭ ያልቀረበለትን መምረጥ አይችልም። ስለዚህ የአንድን ሰፈር ውጤት ከዓመት ዓመት የሚያነጻጽር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በየዓመቱ ወረቀቱ ላይ እነማን እንደነበሩ፣ እነማንስ በምን ምክንያት እንዳልነበሩ መጠየቅ አለበት።

መልስ 17፦ ውይይቱን ያረጋጋው ይህ ረዥም መልስ ነው። የቤቶች ጉዳይ ባለሙያ የሆኑት ጸሐፊ ወደ 6ኛው መልስ ተመልሰው፣ ኪራይና ምርጫ ምን ያህል እንደተሳሰሩ የለንደኑን የዌስትሚንስተር ምክር ቤት ታሪክ በመተረክ አሳዩ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ1986 የአካባቢ ምርጫ በጠባብ ልዩነት ብቻ ሥልጣኑን ካተረፈ በኋላ፣ በሸርሊ ፖርተር የሚመራው አስተዳደር ውጤታቸው ወደ የትኛውም ወገን ሊያጋድል የሚችል 8 ቀበሌዎችን ለየ። በእነዚህ ቀበሌዎች የምክር ቤቱ ኪራይ ቤቶች ሲለቀቁ ቤት ለሚጠባበቁ ችግረኞች በመሰጠት ፋንታ ለሽያጭ እንዲቀርቡ ተደረገ፤ ስሌቱ ቤት የገዛ ሰው ከተከራይ ይልቅ ለፓርቲው ድምፅ የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው የሚል ነበር። ፓርቲው በ1990 በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ጉዳዩ በኦዲተር ተመርምሮ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2001 ለአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ሰሚ ደረሰ፤ የሕዝብን ንብረት ለምርጫ ጥቅም ማዋል ሕገ ወጥ መሆኑም ተፈረደ።

ጸሐፊው ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የምርጫ ክልል ወሰንን ለራስ በሚጠቅም መንገድ ማስመር የታወቀ ዘዴ መሆኑን ነው፤ በማሳቹሴትስ ግዛት አገረ ገዥው ኤልብሪጅ ጌሪ በ1812 የፈረሙት ጠመዝማዛ ወሰን ለዚህ አሠራር ስም እስከመሆን ደርሷል። በዌስትሚንስተር ግን መስመሩ ሳይነካ በመስመሩ ውስጥ ያለው ሰው ተለወጠ። በዚያ ዘመን የነዚያን ቀበሌዎች ውጤት ያነበበ ሰው ነዋሪው ሐሳቡን እንደለወጠ ሊያስብ ይችል ነበር፤ የተለወጠው ግን ነዋሪው ራሱ ነው። ቤት ያጣው ቤተሰብ ደግሞ በየትኛውም የምርጫ ካርታ ላይ አይታይም፤ እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

መልስ 18፦ አንድ ተሳታፊ ከዚያው ከለንደን ሳይወጡ የ2016ቱን ሕዝበ ውሳኔ ጠቀሱ። ከተማዋ በጠቅላላ 59.9 በመቶ ድምፅ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለመቆየት ስትሰጥ፣ በላምቤዝ ይህ 78.6 በመቶ ሲደርስ፣ በሃቨሪንግ ግን 69.7 በመቶው ለመውጣት ድምፅ ሰጠ። ከተማ እንዲህ ነው፣ ገጠር እንዲያ ነው የሚለው አባባል በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው።

መልስ 19፦ ሌላዋ ወደ ፓሪስ ዙሪያ ወሰዱን። «ቀይ ቀበቶ» ይባሉ በነበሩት የፋብሪካ ሰፈሮች ኮሚኒስቶች ለረዥም ዘመን የከተማ አስተዳደሮችን ይዘው ኖረዋል። በሰን ደኒ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ የያዙትን ከንቲባነት ያጡት በ2020 ነው። ጸሐፊዋ እንዳስረዱት ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የፓርቲው የሰፈር ስብሰባና የበጋ መዝናኛ ፕሮግራሙ አብረው ተዳከሙ፤ በቦታው የመጣው ወጣት ነዋሪ ደግሞ ለምርጫ እምብዛም አይወጣም። ይህ ከ4ኛው መልስ ጋር ይገጥማል፤ ሰው የሚመርጠው ከሰው ጋር ሲነጋገር ከሆነ፣ የመነጋገሪያው ቦታ ሲፈርስ ድምፁም አብሮ ይቀንሳል።

መልስ 20 እና 21፦ አንድ ሰው መፍትሔው ድምፅ መስጠትን ግዴታ ማድረግ መሆኑን ጻፉ። አውስትራሊያ በ1924 ይህን ስትደነግግ በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ በ1925 ከ91 በመቶ በላይ መድረሱ እውነት ነው። 21ኛው መልስ ግን ግዴታ ሰውን ወደ ጣቢያው ሊያመጣው እንጂ የሚወደውን ዕጩ ሊፈጥርለት እንደማይችል አስገነዘበ።

መልስ 22፦ የመጨረሻው ጥያቄ ተግባራዊ ነበር፤ የራሱን ሰፈር ውጤት በቅንነት ማንበብ የሚፈልግ ተራ ነዋሪ ከየት ይጀምር? እኔ የሰጠሁት ምላሽ የሚከተለው ነው። ሁለት ምርጫዎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ መቶኛውን ትተው የሰዎቹን ብዛት ይጻፉ፤ የሰፈሩ ወሰን በመካከሉ አለመለወጡን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የተመዘገበውን፣ ድምፅ የሰጠውን፣ ዋጋ አልባ የሆነውንና ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠውን በየረድፉ ያስፍሩ። በመጀመሪያው ምርጫ ከ800 ድምፅ 400 ያገኘ ፓርቲ በሁለተኛው ከ500 ድምፅ 300 ቢያገኝ፣ ድርሻው ከ50 ወደ 60 በመቶ አድጓልና ሰፈሩ ወደ እርሱ አዘነበለ ይባላል። በረድፉ ላይ ግን ፓርቲው 100 ድምፅ አጥቷል፤ ተፎካካሪዎቹ ደግሞ በአንድነት 200። ቀጥሎ የሚጠየቀው እነዚያ 300 ሰዎች ከሰፈሩ ለቅቀው እንደሆነ ወይም እዚያው እየኖሩ ቤታቸው ቀርተው እንደሆነ ነው፤ ይህን የሚመልሰው የመራጮች መዝገብ እንጂ የውጤቱ ሠንጠረዥ አይደለም።